ወደ ድንጋዩ የሚያወጣው መንገድ

ለሽርሽር ብሎ አሶሳ የሚወርድ ሰው በእኔ ጊዜ አልነበረም። የሚወርደው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ወርቅ ገዢ ነው፤ ወታደር ነው፤ የሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ ባልደረባ ነው። እኔን የወሰደኝ ወባ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሚያዝያ ማለቂያ ላይ የቤት ለቤት የፀረ ወባ ርጭት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመደብኩ። ጓደኞቼ «ቆላ ሊበላህ ነው» አሉኝ። እናቴ ደግሞ ወባ ሊከላከል የሚሄደውን ልጇን ወባ እንዳይዘው ለገብርኤል ተሳለች።

ያን ጊዜ በመኪና ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። አምቦን፣ ባኮንና ነቀምትን አልፈን ጊምቢ አደርን። በማግስቱ ነጆንና መንዲን ተሻግረን ወደ ዳቡስ ወንዝ ቁልቁል ወረድን። ድልድዩ ጋ ልንደርስ ስንል ሾፌሩ መስኮት አስዘጋን፤ የቆላ ዝንብ አለ፣ ከብቱን በገንዲ የሚፈጀው። ከዳቡስ ማዶ አገሩ ሌላ ነው። የወለጋ ጋራና ቡና ከኋላ ይቀርና ረባዳ ሜዳ ይመጣል፤ ሜዳው ላይ ሽመል፣ ከሽመሉ መሀል ደግሞ ራቁቱን የቆመ ድንጋይ። አንዳንዱ ቤት ያህላል፤ አንዳንዱ ራሱን የቻለ ተራራ ነው። ማን አምጥቶ እዚህ ጣለው ያሰኛል። ማንም አላመጣውም፤ በዙሪያው የነበረው አፈርና ልል አለት በብዙ ሚሊዮን ዓመት ዝናብ ታጥቦ ሲሄድ ጠንካራው ግራናይት እዚያው ቀረ። የአገሩ ሰዎች፣ በርታዎች፣ ድንጋይን «ቤል» ወይም «ቤላ» ይሉታል። ክልሉ ቤኒሻንጉል የተባለውም መንጌ በኩል ባለው፣ ሻንጉል በሚባለው የተከበረ ድንጋይ ስም ነው።

አሶሳ ከተማዋ ማንጎ ናት። በየአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሌሊት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እየወደቀ የእንግዳ እንቅልፍ ይነሳል፤ ጠዋት ፍየሎች ይቀራመቱታል። (ከዓመታት በኋላ በወለጋ በኩል የመጣ ቅጠል መጣጭ ነጭ ተባይ ያን ሁሉ ዛፍ ሲያመነምነው ሰማሁና ዘመድ የታመመብኝ ያህል አዘንኩ።) ቡናው ዝንጅብል አለበት። ቡና ያልፈለገ ከርከዴ ይቀርብለታል። ገበያው ላይ አንዱ ሻጭ ለአንዱ ገዢ በአረብኛ ጀምሮ፣ በበርታኛ ተከራክሮ፣ በአማርኛ ሲጨርስ መስማት የተለመደ ነው። ከተማዋን ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃል። ከከተማው ውጭ ያለው ግን አያልቅም።

ሥራችን እንዲህ ነበር። መኪናው መንገዱ ካለቀበት ያወርደናል፤ ረጪዎቹ ፓምፕ ይሸከማሉ፣ እኔ መዝገብ እይዛለሁ፣ ከዚያ በእግር ነው። መንደር ስንደርስ «ዕቃ አውጡ!» ይባላል። ሴቶቹ ማሰሮውን፣ አልጋውን፣ የማሽላውን ከረጢት እያወጡ ይነጫነጩብናል፤ አልፈርድባቸውም። የበርታ ቤት ግድግዳው የተጠለፈ ሽመል ነው፤ ብዙው በጭቃ አልተመረገም። ዲዲቲውን ከውስጥ ስንረጭ እኩሌታው በሽመሉ ቀዳዳ ወጥቶ ሜዳ ይበተናል፤ የቀረው ግድግዳው ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ያም ሆኖ መንደሩ ሁሉ «ሀኪም» ነው የሚለን። መዝገብ ብቻ የያዝኩትን እኔን ይባስ ብለው «ዶክተር»።

መንገዶቹን በሥራ አወቅኋቸው፤ የወደድኳቸው ግን በእሑዶቹ ነው። ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠ፣ አራት ቋንቋ የሚናገር የበርታ ወጣት፣ ሥራ በሌለ ቀን ሆቴል ቁጭ ማለቴ ያሳዘነው ይመስለኛል። «ድንጋይ ትወዳለህ እንዴ? ሁልጊዜ ቀና ብለህ ታየዋለህ» አለኝ። እወዳለሁ አልኩት። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ጎህ ሲቀድ የሆቴሉ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ።

የበርታ አገር የእግር መንገድ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለት ጎን ለጎን የሚሄድበት የለም፤ ጨዋታ ሁሉ ከፊት ወደ ኋላ ነው። ሰኔ ላይ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ ነሐሴ ላይ ከራስ በላይ ይሆናል። ጠዋት ከፊት የሚሄደው ሰው የሌሊቱን ጤዛ ሁሉ በሱሪው ይጠርጋል። ስለዚህ እንግዳ ሁለተኛ ነው የሚሄደው። ይህን ክብር መጀመሪያ አልተረዳሁትም ነበር፤ «እኔ ልምራ» ብዬ ፊት ወጣሁና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደ ተጠመቀ ሰው ራስኩ። ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ በዝምታ ቀደመኝ። በዚያው ወቅት የሽመሉ ቡቃያ ከመሬት እየፈነዳ ይወጣል። ሴቶች ሳይጠነክር ቆርጠው፣ ልጠው፣ ውሃውን እየቀየሩ ቀቅለው ከባሚያና ከገንፎ ጋር ያቀርቡታል። ሽመል ቤት ነው፣ አጥር ነው፣ አልጋ ነው፣ ዋሽንት ነው፤ ይበላልም ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ጣዕሙን ጠይቁኝ ብትሉ፣ ከማባያው ውጭ ጣዕም አላገኘሁበትም።

በሆሞሻ አቅጣጫ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ወደ ኩርሙክ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለውን ትልቅ ድንጋይ የወጣነው ክረምቱ አልፎ፣ ሣሩ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ብቻችንን መውጣት አይሆንም አለ ልጁ፤ ሥሩ ያለውን መንደር ሽማግሌ ማስፈቀድ አለብን። ሽማግሌው ሰባውን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ ሰው ናቸው። ልጁ «ሼህ» ይላቸዋል፣ እኔም «ሼህ» አልኳቸው። ዕቃ የሚያስወጣው የወባ ሰውዬ መሆኔን ሲሰሙ አዩኝና በበርታኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጁ ተረጎመልኝ፦ «ዛሬ ደግሞ ድንጋዩን ሊረጩት ነው?»

ፈቀዱልን። ፈቅደው ዝም አላሉም፣ ዱላቸውን አንስተው ፊት ፊት መሩ።

ከሩቅ ሲታይ ወደ ድንጋዩ አናት የሚያወጣ አንድ ሰፊ ተዳፋት አለ። እሳቸው በዚያ አልሄዱም። በጀርባው ዞረን፣ ከሁለት ግዙፍ አለቶች መሀል ባለ ስንጥቅ ገባን። ስንጥቁ አንድ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያሳልፍም። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ የሌሊት ወፍ ይሸታል። አንድ ቦታ ላይ ድንጋዩ ለእግር እንዲመች ተፈልፍሏል፤ የተፈለፈለው ቦታ ከመረገጡ ብዛት የተወለወለ ይመስላል። ሼሁ ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ያዙና በባዶ እግር እንደ ደረጃ ወጡት። እኔ በአራት እግሬ ነው የወጣሁት።

አናቱ ላይ መንደር ነበር። «ነበር» ያልኩት ዛሬ የቀረው ከጉልበት የማይበልጥ የድንጋይ ክብ ብቻ ስለሆነ ነው፤ አንዱ ክብ የአንድ ቤት መሠረት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ እስከ ጫፉ። መሀል መሀሉ ላይ የሸክላ ስብርባሪ ተበትኗል። ሜዳ የሚመስለው አለት ላይ ደግሞ ሞላላ ጉድጓዶች አሉ። ጣቴን አስገባሁበት፤ እንደ ሰሃን ለስልሷል። ሼሁ ጎንበስ ብለው ከጎኑ የወደቀ ክብ ድንጋይ አነሱና ወደፊትና ወደኋላ አደረጉት። ወፍጮ ነው። ስንት ሴት ስንት ዘመን ማሽላ ፈጭታ ነው ግራናይት እንዲህ የሚጎደጉደው? አንዱ ጉድጓድ አጠገብ ትንሽ፣ ጥልቀት የሌለው ሌላ ጉድጓድ አለ። ሼሁ «የልጅ ነው» አሉ፤ «እናቷ አጠገብ ተቀምጣ የምትማር።»

ከዚያ ላይ የሚታየው ነገር ያስደነግጣል። በምዕራብ የሱዳን ሜዳ በሙቀት ጭጋግ ተሸፍኖ እስከ አድማስ ይዘረጋል። በምሥራቅ ድንጋይ ከድንጋይ ኋላ ተደርድሯል። እኔም የከተማ ሰው ወግ ደርሶኝ «እንዴት ያለ ውብ እይታ ነው» አልኩ። ልጁ ሲተረጉምላቸው ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁና በዱላቸው አቅጣጫ እያሳዩ ማብራራት ጀመሩ። እዚያ ጠባቂ ይቀመጣል፤ እዚያ ሌላው። ማሳው ታች ነው፤ ውሃውም ታች ነው። ሴቶች ውሃ ሲወርዱ ጠባቂው ዓይኑን ከሜዳው አይነቅልም። አቧራ ካየ ይጮሃል፤ ሁሉም በስንጥቁ ይወጣል፤ ሰፊው ተዳፋት ላይ ድንጋይ ይንከባለላል። ሰው ፈንጋዮቹ የሚመጡት በበጋ ነው፤ ሣሩ ተቃጥሎ ሜዳው ሲገለጥ፣ ፈረስ ሲያስሮጥ። በክረምት አይመጡም። «ሣሩ ዘበኛችን ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያን እይታ እንደ በፊቱ ላየው አልቻልኩም። ፎቶ ያነሳሁበት ጫፍ ሁሉ የዘብ ቦታ ነው።

ይህ ተረት እንዳይመስላችሁ። የግብጹ መሐመድ አሊ ልጅ እስማኤል ፓሻ ጦሩን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ ጎረቤቱ ፋዞግሊ ሲዘምት የሚፈልገው ሁለት ነገር ነበር፤ ወርቅና ለወታደርነት የሚጋዝ ባሪያ። ከጦሩ ጋር ፍሬዴሪክ ካዮ የሚባል የናንት ከተማ ተወላጅ ፈረንሳዊ አብሮ ወጥቷል፤ ማዕድን ያጠናል፣ ፍርስራሽ ይስላል። በዚህ አገር ለጉብኝት የወጣ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እሱ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ግን ጉብኝቱ በማን ጥላ ሥር እንደነበር አስቡት፦ እሱ ተራራውን ሲስል አብሮት የመጣው ጦር የተራራውን ሰው ያድናል። ከእሱ በኋላም ኦስትሪያዊው ኧርንስት ማርኖ፣ ሆላንዳዊው ሁዋን ማሪያ ስኹቨር መጡ። ስኹቨር እ.ኤ.አ. በ1881 እና 1882 በዚህ አካባቢ ተዘዋውሮ ብዙ ጽፏል፤ በ1883 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ተገደለ።

ፈንጋዩ ሁሉ ከውጭ የመጣ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ለማውራት ይቀል ነበር። ሼሁ ግን እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያለ ማንገራገር የነገሩኝ፣ የራሳቸው አገር ሼሆችም፣ ከሱዳን ከመጡ ነጋዴዎች ጋር የተጋቡ ባላባቶች፣ በተራቸው ደካማውን ጎረቤት፣ ማኦውን፣ ኮሞውን፣ ጉሙዙን ሲያድኑ እንደኖሩ ነው። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን፣ የቤላ ሻንጉሉ አብዱራሕማን፣ የሆሞሻው ማሕሙድ፣ እነዚህ ሦስቱ ናቸው ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. የምኒልክን ጦር እየመሩ ሲደርሱ አገሩን የያዙት። ከዚያ በኋላ ግብሩ ወርቅ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ጎረፈ፤ ወርቅ ብቻም አልነበረም።

እኔ ያደግሁት ሸጎሌ ነው። ልጅ ሆኜ የታክሲ ወያላ ከጊዮርጊስ በታች «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» ሲል የሰፈር ስም መሆኑን እንጂ የሰው ስም መሆኑን አላውቅም ነበር። ሼህ ሆጀሌ በአዲስ አበባ የነበራቸው ግቢ ነው ሰፈሩን የሰየመው፤ ቤታቸውም እስከ እኛ ዘመን ቆሟል። ትምህርት ቤት እያለን ግድግዳውን ተደግፈን ኳስ እንጠብቅ ነበር። ሰውዬው በ1930 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ዘመን፣ አርጅተው ሞቱ። ባለቤታቸው ሲት አምና ደግሞ ድንበር ተሻግራ በምታካሂደው የባሪያ ንግድ በእንግሊዝ ሱዳን ሹማምንት ዘንድ ስሟ የገነነ ነበር፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ያዟት። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ ነበር። ሙሉ በሙሉ የሚሽረው አዋጅ ግን የወጣው ከጣሊያን በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁሉ ለሼሁ አላወራኋቸውም። ሸጎሌ የሚባል ሰፈር እንዳለና እኔም ከዚያ እንደመጣሁ ብቻ ነገርኳቸው። «ታዲያ ዘመድ ነህ» ብለው ሳቁ። ሳቁ ውስጥ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በሌላ እሑድ ልጁ ያሳየኝ የዋሻ ጥላ ነው። በአሶሳ ዙሪያ እንዲህ ያለ ከአለት ሥር የተከለለ ቦታ ብዙ ነው፤ እረኞች ዝናብ ሲመጣ ይጠለሉበታል። የማድሪድ ኮምፕሉተንሴ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች፣ እነ ቪክቶር ፈርናንዴስና አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል፣ በእነዚያ ዓመታት አካባቢውን ያስሱ ነበር። ቃባ እና ቤል ቁርቁሙ በተባሉ ሁለት ቦታዎች ቆፍረው የኋለኛውን የድንጋይ ዘመን የኳርትዝ መሣሪያና ሸክላ አግኝተዋል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። እኔ የሄድኩበት ከእነዚህ አንዱ አልነበረም፤ ያልተቆፈረ፣ ፍየል ያደረበት ተራ ጥላ ነው። ልጁ መሬቱን በእግሩ ጫረና ጥፍር የሚያህል፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሆነ ነጭ ድንጋይ አንስቶ መዳፌ ላይ አኖረ። «እኛ ልጅ ሆነን በዚህ እርስ በርስ ተወራውረን ተፈናክተናል» አለ። ግድግዳው ላይ፣ ብርሃን በጎን ሲያገኘው ብቻ የሚታይ፣ በጣት የተሳበ የሚመስል ደብዛዛ ቀይ መስመር ነበር። ሰው ይሁን ምልክት ይሁን አልለየሁትም። ቤል አሽሸሪፉ በሚባለው ቦታ ስላሉትና መሰሎቻቸው ስለሆኑ ሥዕሎች ፈርናንዴስ ኋላ የጻፈውን ሳነብ፣ ከዝናብ ልመና ሥርዓት ጋር ነው ያያያዛቸው። ልጁን በጊዜው ጠይቄው ነበር። «የድሮ ሰዎች» አለኝና ዝም አለ፤ ከዚያ ደግሞ «ፍየሎቹም ይልሱታል፣ ጨው አለው» ብሎ ጨመረ።

ወርቁን ያየሁት መንጌ ነው። ሥራ ላይ ነበርን፤ ምሳ ሰዓት ላይ ወንዝ ወረድን። ወንዶቹ ከዳር ሰው ልክ ጉድጓድ ቆፍረው ቀይ አፈር እያወጡ ይቆልላሉ። ማጠቡ የሴት ሥራ ነው። አንዲት የደረሰች ነፍሰ ጡር እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ከእንጨት የተፈለፈለ ገበቴ ትንጣለች። መጀመሪያ ጠጠሩን በእጇ ትጥላለች። ከዚያ ገበቴውን አዘንብላ ታሽከረክረዋለች፤ ውሃው ቀዩን ጭቃ ይዞ በጠርዙ ይፈሳል። እንደገና ትቀዳለች፣ እንደገና ታሽከረክራለች። በመጨረሻ የሚቀረው አንድ እፍኝ የማይሞላ ጥቁር አሸዋ ነው። እሱንም በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች ገፋችው፤ ከጅራቱ ላይ ሦስት ቢጫ ነቁጥ ቀረ። ከሰናፍጭ ያነሰ። ጣቷን በምራቅ አርሳ ነካችውና ወደ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አራገፈችው። ብልቃጡ የእኛ ነው፤ ጤና ጣቢያው ያከፋፈለው የክሎሮኪን ዕቃ። ከጠዋት ጀምሮ የሰበሰበችው የብልቃጡን ታች እንኳ አልሸፈነም። ኋላ ኩርሙክ ላይ አንድ የካናዳ ኩባንያ ትልቅ የወርቅ ማዕድን መገንባት ጀመረ። ገበቴውና ብልቃጡ በእሱ ዘመን ምን እንደሚሆኑ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

የእኔ ወገን የሆኑትም እዚያ አሉ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው የመጡ ሰፋሪዎች መንደሮቻቸው በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ አምባ ይህን ያህል፣ አምባ ያን ያህል። እዚያ ለመርጨት ስንገባ ቤቱ ጭቃ ምርግ ነው፣ ዲዲቲው ይይዛል፤ ለሥራ ይመቻል። ቡናውም ሦስት ነው፣ እስከ በረካ ሳይጠጡ መነሳት ነውር ነው። አንዲት እናት «በሬዎቻችንን ገንዲ ጨረሰብን፣ ልጆቻችንን ወባ፤ አንተ የት ነበርክ ያኔ?» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። ያኔ እኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ አልኳት። «እንግዲያውስ ማርንህ» ብላ በረካውን ቀዳችልኝ። ለጉብኝት የሚሆን ነገር አለ ወይ ብዬ ስጠይቃት እጇን ወደ ድንጋዮቹ ወረወረች፦ «እነሱን? እኛ ሃያ ዓመት ሙሉ አይተናቸው አናውቅም፤ የሰው ናቸው።»

የጣሊያንን ዘመን ያነሳሁት ከድንጋዩ ስንወርድ ነው። ሼሁ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ሰው የሸሸበት አልኳቸው። ሳያስቡ መለሱ፤ ራሳቸው ሸሽተውበታል። ጢም ያላበቀሉ ልጅ ነበሩ። ጣሊያን አሶሳን ይዞ ምሽግ ሠርቷል፤ አንድ በጋ ላይ በኩርሙክ መንገድ አቧራ ታየ፤ የድሮው ጩኸት ተጮኸ፤ መንደሩ ሁሉ ፍየሉን ነድቶ በስንጥቁ ወጣ። ከላይ ሆነው ያዩት ግን ግራ አጋባቸው። የመጡት ወታደሮች ጥቁር ናቸው። አለቆቻቸው ነጭ ናቸው። አረብኛ አያውቁም፣ አማርኛ አያውቁም፣ እንግሊዝም አይደሉም። ጣሊያንን አባረሩትና ሄዱ። «እነማን ናቸው? እስካሁን የነገረኝ የለም» አሉኝ። እኔም አላውቅም ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ ፈለግሁት። የቤልጂግ ኮንጎ ጦር ነው፤ ፎርስ ፑብሊክ ይባላል። ቤልጂግ ራሷ በሂትለር ተይዛ ሳለ ቅኝ ግዛቷ ለእንግሊዞች ድጋፍ እንዲሆን ጦር ላከች። ኮንጎዎቹ ሱዳንን አቋርጠው በኩርሙክ በኩል ገቡና መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ያዙ። ከዚያ በዚያው ወር ጋምቤላን። ከዚያ ወደ ሳዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ወጡ፤ እዚያ በረሃብና በበሽታ ብዙ ሰው አልቆባቸው፣ ሰኔ ማለቂያ ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ከነሠራዊቱ እጁን ሰጠ። ስለ ነጻነት ዘመቻው ስንማር ጎጃምንና ከረንን እንጂ ይህን የነገረን አስተማሪ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አንድ የወባ ሥልጠና ላይ ከኪንሻሳ የመጣ ባለሙያ አጠገቤ ተቀመጠ። ከየት ነህ ሲለኝ አሶሳ የሚባል ቦታ ሠርቻለሁ አልኩት። ዓይኑ ፈጠጠ። አሶሳ በከተማቸው ትልቅ መንገድ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ጋምቤላ ደግሞ ገበያ ነው፤ ሳዮም መንገድ ነው። ዕድሜ ልኩን እነዚህን ስሞች ሲጠራ የኮንጎ ቃላት ይመስሉት ነበር፤ የኢትዮጵያ ከተሞች መሆናቸውን ከእኔ ሰማ።

በ2003 ዓ.ም. ለሌላ ሥራ አሶሳ ተመልሼ ነበር። ኋላ የመጣው፣ በካማሺና በመተከል ሰው የፈጀው ግጭት፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት በኩርሙክ እየተሻገረ የሚሸሸው ሕዝብ፣ ያኔ አልነበረም፤ የኩርሙክ መንገድ ላይ የሚታየው አቧራ የአይሱዙ ብቻ ነው። ልጁ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ባጃጅ ገዝቶ አገኘሁት። በባጃጁ ወደ ሼሁ ሄድን። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ግን ለዩት፣ «ድንጋይ የሚረጨው» አሉ። ያን ጊዜ የጠየቁኝን አሁን አወቅሁት አልኳቸውና ነገርኳቸው። ኮንጎዎች ናቸው።

«ኮንጎ? እንደ ጫማው?»

እንደ ጫማው፤ አገር ነው፣ ሩቅ ነው፣ ከሱዳን በታች። በዋና ከተማቸው አንድ ትልቅ መንገድ አሶሳ ብለው ሰይመዋል አልኳቸው። ልጁ ሲተረጉምላቸው ቆም ብለው አሰቡ። ስለ ሞቱት የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።

«አስፋልት ነው?» አሉ።

እንደሚመስለኝ አዎ አልኳቸው። ወደ ልጁ ዞረው በበርታኛ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ልጁ ሳቀ እንጂ ቶሎ አልተረጎመልኝም። ባጃጁ ውስጥ ገብተን፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየነጠርን ወደ ከተማ ስንመለስ ነው የነገረኝ፦ «እኛ በስማችን የምንሄድበት መንገድ ኮንጎ አገር ነው የተሠራልን እያሉ ነው።»